ሴራሚኩን አለቃው መጥቶ ያየዋል

ሰኞ

ባለቤቴ «ሠራተኛው የመጣበትን ቀን እየጻፍሽ ያዢ፤ ካልጻፍሽ ሦስቱን ቀን አምስት ያደርግብሻል» ብሎ ይህን ደብተር ገዛልኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ። ዛሬ ማንም አልመጣም። ሠራተኛ ገና አልያዝንም።

ደብተሩ ባዶ ከሚሆን ነገሩ እንዴት እንደመጣ ልጻፍ። ልጄ የሞተ ሰሞን ለለቅሶ ከመጡት ሴቶች አንዷ፣ የባለቤቴ ዘመድ ናት፣ መታጠቢያ ቤታችን ገብታ ወጣችና አጠገቧ ለተቀመጠችው «ምስኪን፣ ሐዘኑ ሳያንሳት በዚህ ግድግዳ መሀል ነው የምትታጠበው» አለቻት። በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ የተባለ ነገር ሁልጊዜ እኔ ጆሮ ይደርሳል። በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ ብዙ ደግ ነገር ነግሮኛል፤ አንዱንም አላስታውስም። ይቺን ግን ቃል በቃል ይዣታለሁ።

ግድግዳው እውነትም ያሳፍራል። ልስኑ ረግፏል፣ ከቧንቧው ሥር ጠቁሯል። አሁን ሁለት ወር ሞላን። ሴራሚክ ይለጠፍ አልኩ። ባለቤቴ አልተቃወመም። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር አይቃወምም።

ረቡዕ

ሦስት ሴራሚክ ሠሪዎች መጥተው አዩት።

የመጀመሪያው ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር ቆርቆር አደረገና እንደ ሐኪም ዝም አለ። ከዚያ በካሬ አራት መቶ ሃምሳ ጠራ። ሁለተኛው ሜትር እንኳ አላወጣም፤ በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ለካና «አሥራ ስምንት ካሬ ይሆናል» አለ። ዓይኑ ሰፊ ነው። ሦስተኛው ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚነሳው። ሁለት ጊዜ ለክቶ መዳፉ ላይ ጻፈና «አሥራ አራት ካሬ፣ በካሬ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ዕቃ በእርስዎ» አለኝ።

እኔ በክርክር የማውቀው አንድ ዘዴ ነው። «ልጄን ልጠይቅ» እላለሁ። ሴት ብቻዋን ስትቆም ዋጋው አብሯት ይቆማል፤ ከኋላዋ ወንድ ልጅ እንዳለ ሲሰማ ዝቅ ይላል። ልጄ ገና ፊደል ሳይቆጥር ጀምሬ ከሃያ ዓመት በላይ ብየዋለሁ። የአምስት ዓመት ልጅ ስም ጠርቼ ፍራሽ አስቀንሻለሁ።

ዛሬም ከአፌ ወጣ። «ወንድ ልጄ ሩቅ ቦታ ሥራ ላይ ነው፤ ደውዬ ልጠይቀው። የሚወስነው እሱ ነው» አልኩት።

«ልጅዎ ባለሙያ ነው?»

«መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። ግን ሁሉን ነገር ያውቃል።»

«እንደዚህ ያለው ነው ለእኛ የሚያስቸግረን» አለና ቦርሳውን አነሳ።

ሌሎቹን ሁለቱን መልሼ አልጠራኋቸውም።

ሐሙስ

ባለሴራሚኩ መልስ ሊሰማ መጣ። «ልጄ በካሬ ከሆነ ይቸኩላል፣ በቀን ይሁን ብሏል» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። በቀን ስድስት መቶ፣ ስምንት ቀን ቢበዛ አለ። በካሬ ቢሆን አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ነበር፤ በቀን አራት ሺህ ስምንት መቶ ይሆናል። መቶ አተረፍኩ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«በቀን የያዝሽው ሠራተኛ እቤትሽ ያረጃል» አለኝ።

ሰኞ። 1ኛ ቀን

መጣ። መሮና መዶሻ። ልስኑን ሲያራግፍ ዋለ። አቧራው ምሳ ላይ ገባ።

ማክሰኞ። 2ኛ ቀን

መጣ። አሁንም ማራገፍ። ገላችንን ጎረቤት ነው የምንታጠበው። ባለቤቴ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሳሙናውን በኩባያ ይዞ፣ በነጠላ ጫማ ኮሪደሩን ሲያቋርጥ የዋና ውድድር የሚሄድ ይመስላል። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው፣ የሚያውቁት ሁሉ ቆመው ሰላም ይሉታል። ሳሙና ይዞ ሰላምታ መመለስ አይመቸውም።

ዓርብ። 5ኛ ቀን

ዛሬ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ተለጠፉ። ነጭ ነው። ያምራል። ባለሴራሚኩ እጁን ታጥቦ «እንግዲህ ለልጅዎ ይንገሩት፣ ደስ ይበለው» አለኝ።

እህቴ ደወለች። ታላቄ ናት። እንደ ልማዷ አልቅሳ «ያ መልአክ፣ ያ የምድር መልአክ» አለች። የሚደውለው ሁሉ መልአክ ነበር ይለኛል። መልአክ ካልሲውን ሶፋ ሥር አይጥልም። ይህን ለማን ልናገር? አዎ፣ መልአክ ነበር እላለሁ፤ ስልኩን እዘጋለሁ።

ቅዳሜ። 6ኛ ቀን

ጠዋት ባለሴራሚኩ ገና ሳይቀመጥ «አለቃው ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጄን ነው። እያፌዘ በአንቱታ ነው የሚጠራው።

ደስ ብሎታል ልለው ነበር። ልጄ ግን ባንድ ነገር ደስ ብሎት አያውቅም። ሸሚዝ ተተኩሶለት አንገትጌውን ብርሃን ላይ ይዞ የሚያይ ልጅ ነው። ስለዚህ «በሩ ጋ ያለው ሁለተኛው ረድፍ ጠማማ ነው ብሏል» አልኩት።

«በምን አየው?»

ስልኬ ፎቶ የማያነሳው ባለቁልፉ መሆኑ ትዝ አለኝ። እጄ ላይ ነው ያለው። «ነገርኩት፤ ሲነገረው ይገባዋል።»

ስልኩን አየ። እኔን አየ። «ከዚያ ሆኖ ካየ ቀጥታ የምለካበት ይህ ውሃ ልክ ለእኔ ምን ያደርግልኛል» አለና ግድግዳው ላይ አስደግፎት ወጣ። ተቆጥቶ የሄደ መስሎኝ ነበር። ደጅ ሲጋራውን አጭሶ ተመለሰና ረድፉን አፈረሰ። ሲያፈርስ ያጉረመርማል። «ነገረኛ። መጋዘን ተቀምጦ የሰው ሙያ የሚለካ። እንዲህ ያለውን ልጅ ማሳደግ እዳ ነው፣ እትዬ።»

«እዳ ነው» አልኩት።

ሁለት ወር ሙሉ ስለ ልጄ እውነት የተናገረ ሰው አልነበረም። ሻይ አፍልቼ ሁለት ዳቦ ጨመርኩለት።

ማክሰኞ። 8ኛ ቀን

የዛሬው ቀን ስምንተኛው ነው። ያልነው ቀን አለቀ፤ ሴራሚኩ ግን ገና ወገቤ ድረስ ነው።

ባለሴራሚኩ ለአለቃው መልእክት ላከ። «ይንገሩት። ጥሩ ሴራሚክ በገበያ ሞልቷል፤ የታጣው ጥሩ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ራሱ ሆድ አውጥቷል በሉት።» እሺ እነግረዋለሁ አልኩ። ማታ እቃ ሳጥብ መልሱን አሰብኩ። ልጄ ቢሆን ምን ይል ነበር? ብዙ አልፈጀብኝም።

ረቡዕ። 9ኛ ቀን

«ግድግዳው ሆድ ካወጣ ቀበቶ ያጥብቅለት ብሏል» አልኩት።

ባለሴራሚኩ መዶሻውን አስቀምጦ ሳቀ። «ይሄ ልጅ ነገረኛ ቢሆንም አፍ አለው።» ቀኑን ሙሉ እያስታወሰ ሲስቅ ዋለ። ይቺን መልስ እኔ አላሰብኳትም ብል ማን ያምነኛል።

ቅዳሜ። 12ኛ ቀን

የመስኮቱ ዙሪያ። በነጩ መሀል የሚያልፈው ሰማያዊ መስመር ከፍ ይበል ብሏል አለቃው። ፈረሰ።

የሴራሚክ ካርቶን አንድ ተጨማሪ ተገዛ። ባለቤቴ ደረሰኙን አይቶ አጠፈውና ኪሱ ከተተው።

ማክሰኞ። 14ኛ ቀን

ኩሽና ሆኜ ባለሴራሚኩ ባለቤቴን ሲያናግረው ሰማሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ልጅዎ መቼ ነው የሚመጣው? ሳላየው ጠላቴ ሆነ እኮ።»

ያልነገርኩት ትዝ አለኝ። ለባለቤቴ አንድ ቃል አልነገርኩትም። እጄ ምስር ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ባለቤቴ «ያለበት ቦታ መንገዱ አይመችም» አለ። ጫማውን እየጎተተ ወጣ።

ማታ ራት ላይ ጨው አቀብዪኝ አለኝ። ሌላ አላለም። ጨው አቀበልኩት።

ረቡዕ ማታ። 15ኛ ቀን

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፍ።

ይህ ደብተር የሠራተኛ ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ይህ ነገር እዚህ አይገባም። ግን ሌላ ደብተር የለኝም።

ልጄ አራት ቀን ነው የታመመው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ከፍቶ ቆየ። እኔ በሩን እየደበደብኩ «ዝጋው አንተ፣ ቆጣሪው ይቆጥራል» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ያኮረፈኝ መስሎኝ እኔም ሄድኩ። ለካ ሰውነቱ እየነደደ ኖሮ ለማብረድ ነው የገባው። ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት ስንወስደው አያውቀንም ነበር። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አልሰማም። የሰማው የመጨረሻ ቃሌ የውሃ ክፍያ ነው።

የዚያ ወር የውሃ ሂሳብ መጥቶ ነበር። ካለፈው ወር ያነሰ ነው።

እና ሰው ምን አስቸኮለሽ፣ ለምን አሁን ሴራሚክ ይለኛል። ግድግዳው ጠቁሮ ነዋ። የባለቤቴ ዘመድ እንኳ አይታዋለች።

ዓርብ። 17ኛ ቀን

መታጠቢያው ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ሴራሚኮች አስፈረስኩ። ባለሴራሚኩ ዛሬ አልሳቀም። ጉልበቱን እያሸ «እትዬ፣ እውነት ልንገርዎት፤ የእርስዎ ልጅ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። ደወለ ይሉኛል፣ ሲደውል አልሰማ። ይመጣል ይሉኛል፣ አይመጣ» አለኝ።

ኩሽና ገብቼ ንጹሑን ብርጭቆ ሁሉ እንደገና አጠብኩ።

ሰኞ። 19ኛ ቀን

እህቴ ደወለች። ሥራው አልቆ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ስላት ጩኸቷ ከስልኩ ወጥቶ ባለቤቴ ዞረ።

«አሥራ ዘጠኝ? አንዲት መታጠቢያ ቤት? ምን ቤተ መንግሥት ነው የሚሠራልሽ? የዋህነትሽን አይቶ እየጋጠሽ ነው።»

«ጎበዝ ሠራተኛ ነው።»

«ጎበዝማ ነው፣ ባንቺ ላይ። እሁድ እመጣለሁ። እኔ ነኝ የማናግረው። ልጇ የሞተባትን ሴት እንዴት ትዘርፋለህ እለዋለሁ።»

እህቴ እለዋለሁ ካለች ትለዋለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትለው። ከሰኞ እስከ እሁድ ስድስት ቀን ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት።

ረቡዕ። 21ኛ ቀን

የመጨረሻው ሴራሚክ ተለጠፈ። ከሰማያዊው መስመር በቀር ከወለል እስከ ጣሪያ ነጭ። የሚፈርስ ነገር ፈለግኩ። አጣሁ። ሰውየው እውነትም ሙያ አለው።

«የቀረው ፉጋው ብቻ ነው» አለኝ። በሴራሚኮቹ መሀል ያለው ክፍተት በነጭ ጭቃ የሚሞላው ነው ፉጋ የሚሉት። «ነገ ትሞላዋለህ እንግዲህ» አልኩት።

«አልሞላም።»

«እንዴት?»

«ፉጋ ከሞላሁ በኋላ ጠማማ ነው ቢለኝ ምን ልሆን ነው? ያን ጊዜ አንዱን ሳነቅል አራቱ ይሰበራል። እስካሁን አፍርስ ስባል አፈረስኩ፣ በቀን ነው የምትከፍሉኝ ብዬ። አሁን ግን አለቃው በአካል መጥቶ፣ በገዛ ዓይኑ አይቶ፣ ደህና ነው ሳይለኝ አልሞላም። እኔም ስም አለኝ፣ እትዬ። ሠላሳ ዓመት ስለጥፍ እንደ እሱ የናቀኝ የለም።»

«ሩቅ ነው ያለው።»

«እጠብቃለሁ። የምጠብቅበትን ቀን አልቆጥርብዎትም።»

ሐሙስ

መጣ። ምንም አልሠራም። ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ጠበቀ። ሻይ ሰጠሁት። አመሰግናለሁ አለ። ምሳ ሰጠሁት። አመሰግናለሁ አለ። ማታ «ነገ ቤት ነኝ፤ ሲመጣ ይደውሉልኝ። ሰኞ ሌላ ቦታ ሥራ እጀምራለሁ» ብሎ ሄደ። ውሃ ልኩንና ቦርሳውን እኛ ጋ ተወው።

ዓርብ

ማንም አልመጣም። ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታውን ረስቼው ነበር።

እሁድ እህቴ ትመጣለች። ባለሴራሚኩ የልጄን ሞት ከእሷ አፍ ከሚሰማው ከእኔ ይስማው። ለእሱ ብዬ ነው። ሰውየው ምን በደለ።

ቅዳሜ። 22ኛ ቀን

ጠዋት ደወልኩለት። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ጸጉሩን ሳይቀር አበጥሯል። ልጄን ሊገናኝ ነው።

«የታሉ አለቃው?»

መታጠቢያ ቤት ድረስ ወስጄ በሩን ገፋ አደረግኩና «አይመጣም» አልኩት። «ሞቷል። ሦስት ወሩ ነው። አንተ ከመምጣትህ በፊት ነው።»

ነፍስ ይማር የሚለውን፣ ፈጣሪ ያጽናሽ የሚለውን፣ ሁሉን ጠበቅኩ። አላለም። ባልዲው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ግድግዳውን ብዙ አየ።

«እንግዲያ ያን በሩ ጋ ያለውን ረድፍ ያስፈረሰኝ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መስኮቱንስ?»

«እኔ።»

«ጥጉንም?»

«እሱንም።»

«ረድፉ ጠማማ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ጠማማ ነበር» አለ። «ለማንም አይንገሩ እንጂ ትንሽ ጠማማ ነበር።» ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔ ደግሞ ስሰድበው ከረምኩ። ሙት እየሰደብኩ ሻይ ስጠጣ። ነገረኛ አልኩት። እዳ አልኩት።»

«ነገረኛ ነበር» አልኩት። «ይቅርታ አትጠይቅ። ነገረኛ ነበር። አልጋው ላይ አንሶላ ቢጨማደድ የሚነጫነጭ፣ ሰው የሠራውን ሁሉ የሚያርም። ሰድበህ ያልጨረስከው አለ።»

ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። አላየሁትም። «የኔን ምላጭ ነበር የሚጨርሰው» አለ። «የራሱን ከነማሸጊያው ያስቀምጥና በኔ ይላጫል። ስጠይቀው ቆጣቢ ነኝ ይለኛል።»

ሦስት ወር ሙሉ ስለ ልጁ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። ባለሴራሚኩ ተነሳና ውሃ ልኩን አንስቶ ለባለቤቴ ዘረጋለት።

«እንግዲህ እርስዎ ይዩት፣ ጋሼ። እርስዎ ደህና ነው ሳይሉኝ አልሞላውም።»

ባለቤቴ መነጽሩን አደረገ። ከበሩ ጀምሮ እያንዳንዱን ረድፍ ለካ። ተንበረከከ። ጥጉ ውስጥ ገባ። የውሃ ልኩን አረፋ እያየ ይተነፍሳል፣ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። በመጨረሻ ተነስቶ «ደህና ነው» አለ። ቀጠለና «እዚህ ቧንቧው ጋ ብቻ፣ ትንሽ፣ የጸጉር ያህል...»

ባለሴራሚኩ ወደ እኔ ዞረ። «ከማን እንደወረሰው አሁን ገባኝ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ፉጋውን ሞላ። ሁለቱም አብረው ነበሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስለ ልጄ ክፉ ክፉውን ሲያወሩ ሰማሁ። አንዴም አላቋረጥኳቸውም።

ሃያ ሁለት ቀን፣ በስድስት መቶ። አሥራ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። ባለሴራሚኩ የፈረሰውን ቀን ልቀንስ አለ። እምቢ አልኩ። የሠራበት ነው። ከሁሉም በላይ የሠራው በእነዚያ ቀናት ነው።

እሁድ

እህቴ መጣች። ሰውየውን አጣችው። ሴራሚኩን በእጇ ዳሰሰች፣ ሂሳቡን ጠየቀች፣ ደረቷን መታች። «በካሬ ቢሆን አምስት ሺህ የማይሞላውን? ተበላሽ፣ እህቴ። በቁምሽ ተበላሽ።»

«ተበላሁ» አልኳት።

ልትሄድ ስትል በር ላይ «ያ መልአክ ይህን ሳያይ ቀረ» አለች። ባለቤቴ ከውስጥ ሆኖ «እንኳን ቀረ፤ ፉጋው ቀለም አልያዘም ብሎ ያስፈርሰን ነበር» አላት። እህቴ እኔን አየችኝ። ሐዘን ራሱን ነክቶታል የምትል መሰለኝ። መኪና እስክትገባ ድረስ ዞር እያለች ታየን ነበር።

ሐሙስ

ሠራተኛ የለም። ሥራው አልቋል። ደብተሩም ማለቅ ነበረበት፤ ግን የዛሬውን ልጻፈው።

ራት ላይ ባለቤቴ ሹካውን አስቀምጦ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪ» አለኝ።

«ምንድን ነው?»

«መንጃ ፈቃድ አልነበረውም።»

«ማን?»

«ልጅሽ። ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሦስቴም ወደቀ። ወደ ኋላ መንዳት ላይ። በሦስተኛው የፈታኙን ወንበር ገጨ።»

እኔ ለጎረቤቱ ሁሉ የሾፌር ልጅ እንዲህ ነው፣ በመጀመሪያው አለፈ ብዬ አውርቻለሁ። አለፍኩ ብሎ ሲስመኝ ከዕቁቤ አውጥቼ ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዛሁለት። ፈቃዱን አሳየኝ ስለው ገና እየታተመ ነው አለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ሲታተም ከረመ።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«እናቴ እንዳትሰማ ብሎ አስማለኝ።»

«ጫማውንስ? ጫማውን ዝም ብሎ ተቀበለኝ?»

«መልሰው ብዬው ነበር። ልክ ሆኖኛል አለኝ።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። በሕይወት ቢኖር ኖሮ ዛሬ አልለቀውም ነበር፤ ከክፍሉ በጆሮው ጎትቼ ነበር የማወጣው። ደሜ ፈላ። እንዲህ ከሆንኩ ከሦስት ወር በላይ ሆነኝ። ሳህኑን አንኳኳሁ፣ ቁምሳጥኑን ዘጋሁ፣ ለማን እንደምናገር ሳላውቅ ተናገርኩ።

ባለቤቴ እንደ ድሮው «ተዪው፣ ልጅ ነው» አለኝ።

እኔም እንደ ድሮው «አንተ ነህ ያበላሸኸው» አልኩት። ሌሊቱን ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምተኛው።